በጆንያ ለመጣ ቬስፓ

ልጄ፣ የአጎትህን የቬስፓ ሞተር በሁለት ጆንያና በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ አስጭነህ ስትመጣ ስለሳቅሁ ይቅር በለኝ። በአንተ አልነበረም የሳቅሁት። የመጀመሪያዬን እኔም ያገኘሁት እንዲሁ ነው፤ ፈቺው አገር ለቆ፣ ዕቃው ተዝረክርኮ፣ አንዱ ላይ እንኳ ምልክት ሳይደረግበት። አሁን ዓይኔ ደክሟል፣ ጎንበስ ማለቱም አይሆንልኝም። ስለዚህ የማውቀውን በቁጥር ጻፍኩልህ። 3ኛውንና 5ኛውን ደጋግመህ አንብብ፤ ሌላውን ብትረሳው መንገድ ላይ ያስታውስሃል።

1. ዛሬ ማጠብ የለም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ነጭ ጋዝና ብሩሽ ይዞ ይነሳል፤ ምስክሩን አጥቦ የሚደፋውም ያኔ ነው። በዘይት ውስጥ የኖረ ብረት የማር መልክ አለው። እሳት ያየው ጥቁር ቅርፊት ይዟል። ውጭ የኖረው አቧራና ቅባት ተጋግሮበታል። አሮጌ አንሶላ አንጥፍና በሦስት ክምር ለያቸው፤ የካምቢዮ፣ የሲሊንደር፣ የውጭ። ሮንዴላዎቹን እያገላበጥክ እይ። አንዱ ፊት ላይ የሚያብለጨልጭ ክብ ካገኘህ፣ እዚያ ላይ ተጭኖ የኖረው ዕቃ ስፋቱ ያን ያህል ነው። ክቡን የሚያህል ትከሻ ፈልግለት። ይህን ስታደርግ በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ እኛ ያልነበረን ነገር ነውና አትናቀው።

2. ማን እንደሆነ ጠይቀው። ቬስፓን የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ፒያጆ ንድፉን በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ሰንሰለት የለውም። የሞተሩ ቤት ራሱ ክንድ ሆኖ የኋላውን ጎማ ይሸከማል፤ የሞተር ቁጥሩም ክንዱ ላይ ተመትቷል። የአንተን በጨርቅ ጠርጌ አንብቤዋለሁ፣ ቪቢቢ1ኤም ይላል። ሻንሲው ላይ ቪቢቢ1ቲ መጻፍ አለበት። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተሠራው ባለ 150 ነው፣ አራት ማርሽ ያለው። ቁጥሩ ግን ለቤቱ እንጂ ለውስጡ አይመሰክርም። ስንት እጅ እንደገባበት ማን ያውቃል! ካሊፐር ያዝና ሲሊንደሩን ለካ። 57 ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት ዐሥረኛዎች ከፍ ያለ ከሆነ የራሱ ነው። 54 ካገኘህ ከ125 የመጣ እንግዳ ነው።

3. ማርሾቹን በማስታወስ አትደርድር። ፎቶ አይተህም አትደርድር። አራቱ ትልልቅ ማርሾች አክሱ ላይ ልቅ ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ አክሱ ውስጥ የምትንሸራተት መስቀል አለች፣ እጆቿ አንዱን ማርሽ ይይዙና ሌሎቹን ይለቃሉ። አሁን ሌላኛውን አክስ አንሳ፤ አራት ጥርሳማ ክቦች በአንድ ብረት ላይ እንደ ደረጃ የተሠሩበትን። እሱን ማንም ሊበታትነው አይችልም፣ ስለዚህ አይዋሽም። ትንሹ ደረጃ ከትልቁ ልቅ ማርሽ ጋር ይነክሳል፣ ያ አንደኛ ማርሽ ነው። ትልቁ ደረጃ ከትንሹ ጋር፣ ያ አራተኛ። ቅደም ተከተሉን የሚነግርህ ይህ አንድ ብረት ነው። ፊትና ጀርባቸውስ? ጥርሱን ጥፍርህን አስደግፈህ ዳስሰው። አንዱ ጎን ለዓመታት ሲገፋ ስለኖረ ተወልውሏል፣ ሌላው ጎን የፋብሪካውን ሻካራነት አልጣለም። ሁለቱን ጥርሶች ስታነካክስ የተወለወለው ከተወለወለው ጋር መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ ገልብጠኸዋል። የመስቀሏን እጆች ጠርዝ ግን አትመርምር፤ አዲስ ግዛላት። ጠርዟ የተበላ መስቀል ማርሽ አይዝም፣ ዳገት ላይ ይለቅሃል።

4. ቡሎኖቹ። የዚህ ሞተር ቤት የሚታሰረው በ7 ሚሊ ሜትር ቡሎን ነው፣ ዳዶው 11 ቁልፍ ይወስዳል። ሱቅ ሄደህ 6 ወይም 8 እንጂ 7 እንደልብ አታገኝም፤ ለዚህ ነው ስንቱ ቀዳዳውን በትሬፓን አስፍቶ 8 የሚከተው። አንተ እንዳታደርገው፣ ዳዶ አንድ በአንድ ፈልግ። ርዝመታቸው ይለያያል። ሁሉንም በእጅህ ሳታጠብቅ በየቀዳዳው ጣላቸው፤ ጫፋቸው በዳዶው በኩል እኩል መውጣት አለበት። አንዱ ረዝሞ ሌላው አጥሮ ከወጣ ተለዋውጠዋል።

5. እዚህ ጋ ቁጭ በል። ይህ ሞተር ቫልቭ የለውም። ቤንዚኑን የሚያስገባውና የሚዘጋው የክራንኩ አንደኛው ክብ ጉንጭ ነው፤ እየዞረ የመግቢያውን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ይዘጋል። በጉንጩና በቤቱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር አይወፍርም። ያን ግድግዳ በጣትህ ዳብሰው፤ እንደ መስታወት ከለሰለሰ ዕድለኛ ነህ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለበት ሞተሩ በቀዝቃዛው አይነሳም፣ ቀስ ብሎ መዞር ያቅተዋል፣ በካርቡራተሩ በኩል ቤንዚን ይተፋብሃል። ካንዴላ ብትቀይር፣ ካርቡራተር ብትቀይር አይሻለውም። የብዙዎቹ ጥፋት የሚጀምረው ከካርቡራተሩ ወደ ውስጥ በወደቀች አንዲት ትንሽ ቡሎን ነው። ስለዚህ ቤቱ ሲከፈት ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የመግቢያውን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው። በካቻቢቴ ቤቱን ፈልቅቀህ አትክፈት፤ የተከፈተውንም በካቻቢቴ አታጽዳ። የድሮውን ጓርኒሲዮን በእንጨት ፋቀው።

ኩሽኔታውን በመዶሻ አታስገባው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ይሰፋል። ቤቱን የእንጀራ ምጣድ ላይ አስቀምጠውና ጠብታ ውኃ ጣል አድርግበት፤ ጢስ ሲል ደርሷል። ማታውን ፍሪዘር ያደረው ኩሽኔታ ያኔ በራሱ ክብደት ጠብ ይላል። (ምጣዱ የማን እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። የእኛ ቤት አንድ ሳምንት እንጀራ ከውጭ ተገዝቶ ተበልቷል።)

6. ፓራኦሊዮ ሁልጊዜ አዲስ። ከንፈሯ ውስጥ ሞላ ያለባት ፊት ወደ ክራንኩ ቤት ነው የምትዞረው። በፍሪሲዮን በኩል ያለችው ካረጀች ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነጭ ጭስ ያወጣል።

7. አንዴ ሮንዴላ ተርፎኝ ነበር። ልጅነት ነው፣ ኪሴ ከተትኩት። ሞተሩ በአንድ ምት ተነሳ፣ ደንበኛው መርቆኝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ማርሽ እየዘለለበት ገፍቶ አመጣው። ለካ ያች ሮንዴላ የማርሾቹን ግራ ቀኝ መወዛወዝ የምትገታው ኖራለች፤ በልዩ ልዩ ውፍረት የሚሠሯት ለዚሁ ነው። ዘጠኝ ሰዓት የፈጀብኝን ሥራ በነፃ ደገምኩት። በአንተ ጆንያ ውስጥ ግን ነገሩ ይከፋል፣ የሌላ ሞተር ዕቃም ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። የተረፈ ሁሉ የጎደለ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ጓርኒሲዮንና ያለ ማጣበቂያ ግጠመው፣ ቡሎኖቹን እሰር፣ ክራንኩን በእጅህ አዙር፣ አራቱንም ማርሽ አስገባ። የሚጎተት ወይም የሚንኳኳ ካለ ፈትተህ እንደገና። እኔ ሦስት ጊዜ እፈታለሁ፤ ሁለቴ የሚበቃው መካኒክ እስካሁን አላየሁም።

8. ፒስቶኑ አናት ላይ ያለውን ጥላሸት በእንጨት ስትፍቀው ሁለት ነገር ታገኛለህ፦ ልኩን የሚናገር ቁጥርና ቀስት። 57.2 ወይም 57.4 ካለ ሲሊንደሩ ተቀዶ ሰፍቷል ማለት ነው፣ ፋሻውንም በዚያው ልክ ግዛ። ቀስቱ ወደ ማርሚታው ይዞራል። ፋሻው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ሚስማር አለች፤ የፋሻው ሁለት ጫፎች ከግራና ከቀኝ ይቀፏት። ሲሊንደሩን ስታወርድ አትጠምዝዘው፣ ከጠመዘዝከው ፋሻው ይሰበራል።

9. ቮላኖውን ከክራንኩ ጋር የምታስማማው ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ቁራጭ ብረት ናት። ጠርዟ ከተሸረፈ ጣላት፤ እሳቱ ያለ ጊዜው ይመጣል። ፑንቲናው ሲከፈት 0.4 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል።

10. ካምቢዮው ውስጥ ሩብ ሊትር ቁጥር 30 ዘይት። ታንከሩ ውስጥ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት፤ «ለጥንቃቄ» ብለህ አታብዛው፣ ካንዴላውን ያለብሰዋል። ከዚያ ምታው። በዐሥረኛው ካልተነሳ አትናደድ፣ እግርህን አሳርፍ። ካንዴላውን ፍታና እይ፤ እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ ደርሷል፣ ጥፋቱ ከእሳቱ ነው። ደረቅ ከሆነ ከካርቡራተሩ ጀምር። ይህን ሳታይ እንዳትደውልልኝ። ከተነሳ ግን በማንኛውም ሰዓት ደውል፣ ስልኩን ማርሚታው አጠገብ ያዘውና ላዳምጠው።