ለዓመታት በአኖሬክሲያ ለታመሙ ሰዎች የሚሰጥ ማኅበረሰብ አቀፍ እንክብካቤ፦ የሕክምናው ግብ ምን ይሁን?

አኖሬክሲያ ነርቮሳ ዓመታትን ሲያስቆጥር ታማሚው ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ገብቶ ክብደት ይጨምራል፤ ከወጣ በኋላም መልሶ ይቀንሳል። በዚህ ምልልስ ታማሚው ከሕክምና ይርቃል፤ ባለሙያውም ተስፋ ይቆርጣል። ይህ ጽሑፍ የሕክምናው ግብ ራሱ እንዲመረመር ያሳስባል።

በአውስትራሊያና በእንግሊዝ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ለዚህ መነሻ ይሆናል። ቢያንስ ለ7 ዓመታት የታመሙ 63 ተሳታፊዎች በዕጣ በሁለት ቡድን ተመድበው በ8 ወራት ውስጥ 30 ጊዜ በተመላላሽነት ታክመዋል። አንደኛው ቡድን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና፣ ሁለተኛው ደጋፊ ክሊኒካዊ ክትትል አግኝቷል። በሁለቱም ዘንድ የኑሮ ጥራትን ማሻሻል ከክብደት መጨመር ቀድሟል። በውጤቱም የሁለቱም ቡድኖች የኑሮ ጥራት ተሻሽሏል፤ 85 በመቶ ያህሉም ሕክምናውን ጨርሰዋል። ማቋረጥ በሚበዛበት ሕመም ይህ ቀላል ውጤት አይደለም።

ሆኖም ግቡን መለወጥ አካላዊ ክትትልን መተው ማለት አይደለም። የፖታሲየም ማነስና የልብ ምት መዛባት በድንገት ሊገድሉ ይችላሉ። ስለዚህ የደምና የልብ ምርመራውን ማን፣ መቼ እንደሚያደርግ፣ አደጋ ሲታይም ታማሚው ወዴት እንደሚላክ በቤተሰብ ሐኪሙና በልዩ ክሊኒኩ መካከል በጽሑፍ ሊወሰን ይገባል።

የመዳን ተስፋም መዘጋት የለበትም። በቦስተን ሴቶችን በተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ከአኖሬክሲያ የዳኑት በ9ኛው ዓመት 31 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ22ኛው ዓመት ግን 63 በመቶ ያህል ደርሰዋል። እንግዲህ «ሥር የሰደደ» የሚለው ስያሜ የእንክብካቤውን ዓይነት ለመምረጥ እንጂ ታማሚውን ለማሰናበት ሊያገለግል አይገባም።