አዋሽ የት ይገባል?

«ውሃ ለምን ይጠቅማል?» ሲባል መልሳችን ያው ነው። ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለንጽሕና! እኔም በዚህ ሴሚስተር ለሕፃናት የሚሆን ትምህርታዊ ጽሑፍ አዘጋጁ ስንባል የጀመርኩት በዚሁ ነበር። ለስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ሳነብለት ግን «አክስቴ፣ ሰው ባይኖር ውሃ ሥራ ይፈታል ማለት ነው?» ብሎ አፋጠጠኝ። እውነቱን እኮ ነው! ስለ ውሃ የጻፍኩ መስሎኝ የጻፍኩት ስለ ሰው ነበር።

ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ልጆች፣ ውሃ በተፈጥሮ ውስጥ ብዙ ሥራ አለው። አንደኛ፣ ተሸካሚ ነው። ዛፍ እንደኛ አያኝክም፤ አፈር ውስጥ ያለውን ማዕድን ውሃ አሟሙቶ በሥሩ በኩል እስከ ቅጠሉ ያደርስለታል። ሁለተኛ፣ ቤት ነው። ዓሣ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው፤ የሚተነፍሰውም እዚያው የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ሦስተኛ፣ ግንበኛም አፍራሽም ነው። ከተራራ አፈር ጠርጎ ይወስድና ሜዳ ላይ ደለል አድርጎ ያስቀምጠዋል።

«ከዚያስ ወንዙ የት ይሄዳል?» አለኝ።

«ባሕር ይገባል» አልኩት በልበ ሙሉነት።

«ወደ ሐዋሳ ስንሄድ ቆቃ ጋ ያየነው አዋሽም?»

«አዎ፣ እሱም።»

ማታ መጽሐፍ ሳገላብጥ ግን አፈርኩ። አዋሽ ባሕር አይገባም! ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ በቆቃ አልፎ፣ ሳላና አዞ የሚኖሩበትን የአዋሽ ፓርክ ነክቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከአቤ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለም።

ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ የት ይገባል? በነጋታው ለልጁ ስህተቴን ነገርኩትና ድስት ጣድኩ። ውሃው ሲፈላ ክዳኑን አንስቼ ጠብታዎቹን አሳየሁት። ፀሐይም የሐይቁን ውሃ እንዲሁ ወደ ላይ ታነሳዋለች፤ ጨዉ ግን አብሮ ስለማይነሳ እዚያው ይቀራል። አቤ ጨዋማ የሆነው ለዚህ ነው። ተን ሆኖ የወጣው ሰማይ ላይ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ደመናውም ዝናብ ሆኖ ይመለሳል። ልጁ ክዳኑን ነቅነቅ አድርጎ ጠብታው እጁ ላይ ሲወርድ «ዘነበ!» ብሎ ጮኸ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የኛ ሰፈር ወንዝ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ድልድዩ ላይ የወረወርኩት ፌስታልስ?» አለኝ። እኔም ስንቴ ወርውሬያለሁ! ታች ያለው የአፋር ከብት፣ ዓሣውና ሳላው የሚጠብቁት ያንኑ ውሃ ነው። ዑደቱ ውሃውን ይመልሰዋል፤ ፌስታሉን ግን አይመልስልንም።

ለልጅ መጻፍ ቀላል ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የገባኝ፣ ትልቅ ሰው ስንሳሳት ያርመናል፤ ልጅ ግን ያምነናል። ያልተጣራ ነገር ለአዋቂ መጻፍ ነውር ከሆነ ለልጅማ እጥፍ ነው። እናንተም ለሕፃናት ስትጽፉ መጀመሪያ ለአንድ ልጅ አንብቡለት። ሳያፋጥጣችሁ አይቀርም!

ቸር ይግጠመን።