ድንጋዩን ማን ያነባል?
(በቱርክ አገር ከተደረገ የቡድን ጉብኝት ለዕጩ መምህራን የተወሰደ ትምህርት)

መምህር የሚሆን ሰው አንድ ቀን ተማሪዎቹን አሰልፎ ለጉብኝት መውጣቱ አይቀርም። የሚጎበኘው ሙዚየም፣ የድሮ ቤተ መንግሥት፣ ገዳም ወይም መስጊድ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? መሪው ከፊት ሆኖ ይጮኻል፤ የፊተኞቹ ይሰማሉ፤ የኋለኞቹ ይቀልዳሉ። ሲመለሱ «ምን አያችሁ?» ቢባሉ «ትልቅ ቤት አየን» ብለው ዝም ነው። እንዲህ ያለው ጉብኝት እግር ከማድከም አልፎ ትምህርት ሊባል አይችልም።

እኛ አሥራ አራት መምህራንና ዕጩ መምህራን ሆነን ቱርክን ለዘጠኝ ቀን በጎበኘንበት ጊዜ ይኸው ጉዳይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አነጋግሮናል። ያየነውን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አስፈላጊ አይደለም። አንድ ቡድን እንዴት መመራት እንዳለበት ያስተማሩንን ጥቂት ቦታዎች ብቻ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስጎብኚያችን ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። በሰው ብዛት እንዳንጠፋባቸው ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርገው ይይዛሉ። እኛም በአገራችን ወግ «እማማ» አልናቸው፤ ትርጉሙን ሲሰሙ ስቀው ተቀበሉ።

ሀ. አንድ ቤት፣ አራት ዘመን

በኢስታንቡል መጀመሪያ ያየነው አያ ሶፊያን ነው። ይህ ሕንፃ በንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ትእዛዝ በ532 ተጀምሮ በ537 ተፈጸመ። የጉልላቱ ወርድ 31 ሜትር ያህል፣ ከወለሉ እስከ ጫፉ ደግሞ 55 ሜትር ያህል ነው። ጉልላቱ በ558 ተደርምሶ እንደገና ተሠርቷል። ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ከ900 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1453 ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊ ከተማዋን ሲይዝ መስጊድ ሆነ። በ1934 መንግሥት ሙዚየም እንዲሆን ወስኖ በ1935 ለሕዝብ ተከፈተ። በ2020 ተመልሶ መስጊድ ሆነ።

ከ2024 ወዲህ ለጉብኝት የሚመጣ የውጭ አገር ሰው ከፍሎ ወደ ላይኛው ሰገነት ይወጣል፤ ምድሩ ለሰጋጆች ነው። ስለዚህ ቡድናችን ለሁለት ተከፈለ። ሙስሊም ጓደኞቻችን ለሶላት ከታች ገቡ፤ ሌሎቻችን ወደ ላይ ወጣን። ከላይ ክርስቶስን፣ ማርያምንና መጥምቁ ዮሐንስን የሚያሳየውን የሞዛይክ ሥዕል አየን። ወርዳቸው ሰባት ሜትር ተኩል የሚሆን ስምንት ክብ ሰሌዳዎችም ፊት ለፊታችን ተሰቅለው ነበር። የተጻፈባቸውን ግን ከእኛ ማን ያንብበው? አንባቢዎቹ ያሉት ከታች ነው።

ማታ በእራት ሰዓት ግማሹ ለግማሹ አስረዳ። እነሱ በሰሌዳዎቹ ላይ የአላህ፣ የነቢዩ፣ የአራቱ ኸሊፋዎችና የነቢዩ ሁለት የልጅ ልጆች ስም መጻፉን ነገሩን። እኛ ደግሞ የሥዕሉን ታሪክ ነገርናቸው። የቀኑ ትምህርት የተሟላው ያን ጊዜ ነው። ያንድ ሰው ዓይን ብቻውን ይህን ቤት አይቶ አይጨርስም።

ለ. በ1557 ሌላ ምን ሆነ?

በማግስቱ ወደ ሱሌይማኒዬ መስጊድ ወጣን። ሥራው በ1550 ተጀምሮ በ1557 የተፈጸመ ነው። መሐንዲሱ ሲናን በቀይሰሪ አካባቢ ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ በኦቶማኖች የልጅ ግብር ሥርዓት ተወስዶ ያደገ ሰው ነው። እማማ ስለ ዘመኑ ታላቅነት ሲያስረዱ ፊታቸው በራ። የሚያኮራ ሥራ ነውና ምኑ ይገርማል!

የታሪክ መምህራችን ግን «1557» ሲባል ማስታወሻቸውን አወጡ። በዚያው ዓመት የኦቶማን ጦር በኦዝደሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋን ይዟል። ከዚያ በፊትም በ1542 ኢማም አሕመድ ከየመን ኦቶማኖች ጠመንጃ የታጠቁ ወታደሮች አግኝተው ነበር። «እማማ፣ እርስዎ የሚነግሩን ዓመትና እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው ዓመት አንድ ሆነ» አሉ መምህራችን። እማማ አልተቀየሙም። «ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ድገሙልኝ» ብለው በደብተራቸው ጻፉት።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። ያንዱ የድል ዓመት ለሌላው የጭንቅ ዓመት ሊሆን ይችላል። መሪው ሁለቱንም ማወቅ አለበት፤ ካላወቀም ከተጎብኚው መማር አያሳፍረውም።

ሐ. የበሺር አጋ ምንጭ

ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ወጥተን ቁልቁል ስንሄድ፣ ከውጪው ቅጥር ሳንርቅ፣ ትንሽ መስጊድና ግድግዳው ላይ የተሠራ የመጠጥ ውሃ ማደያ አየን። በጉብኝቱ ፕሮግራም ውስጥ አልነበረም። ጃንጥላው አለፈ። አንዲት ጓደኛችን «እማማ፣ ይህ የማነው?» ባትል ኖሮ እኛም እናልፍ ነበር።

የሐጂ በሺር አጋ ነው። ይህ ሰው የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። ገና ወጣት ሳለ በባርነት ተሸጦ፣ ተሰልቦ፣ ለኦቶማን ቤተ መንግሥት ጃንደረባ ሆነ። በ1717 የጃንደረቦች ሁሉ አለቃ ተብሎ እስከ ሞተበት እስከ 1746 በሹመቱ ቆየ። ሹመቱ ቀላል አልነበረም። የመካና የመዲና ርስትና ገቢ በእጁ ነበር፤ ትልልቅ ባለሥልጣኖችም ይፈሩት ነበር። ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት በየቦታው አቁሟል። ይህን መስጊድ ከነማደያው፣ ከነትምህርት ቤቱና ከነቤተ መጻሕፍቱ ያሠራው በመጨረሻ ዘመኑ፣ በ1740ዎቹ አጋማሽ ነው። መጻሕፍቱ ዛሬ በሱሌይማኒዬ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተቀምጠዋል።

እኛም ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን እንዲያነቡልን እማማን ለመንናቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያቴ ቢኖሩ ያነቡት ነበር፤ እኔ አልችልም» አሉ።

ለምን ቢባል፣ ቱርክኛ እስከ 1928 ድረስ ይጻፍ የነበረው በዐረብ ፊደል ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር መጀመሪያ በወጣው ሕግ በላቲን ፊደል ተተካ። አታቱርክ ራሱ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ አዲሱን ፊደል ሲያስተምር የተነሣው ፎቶግራፍ በጣም የታወቀ ነው። ለጎልማሶችም የማንበቢያ ትምህርት ቤቶች በ1929 ተከፈቱ። አዲሱ ፊደል ለቱርክኛ ድምፆች የተመቸ ስለሆነ ለመማር ቀለለ፤ ብዙ ሰው ከመሃይምነት ወጣ። ይህ ትልቅ ጥቅም መሆኑ አይካድም። ዋጋው ግን የልጅ ልጅ የአያቱን መቃብር ማንበብ አለመቻሉ ነው።

በዚያን ጊዜ ልጅ ሆኖ መድረሳ የቀራ ጓደኛችን ወደ ድንጋዩ ተጠጋ። ጽሕፈቱ የተጠላለፈ ነው፤ ቋንቋውንም አያውቀውም። በጣቱ እየተከተለ ቆየና «ባ... ሺን... ያ... ራ» አለ። «በሺር! ይኸው ስሙ!» ከሐበሻ ተሽጦ የሄደውን ሰው ስም፣ በገዛ ከተማው አላፊ አግዳሚው የማያነበውን፣ ከሐበሻ የመጣ ልጅ አነበበው። ኧረ ያን ጊዜ ማን ይቀልዳል! ሁላችንም ዝም አልን። እማማ ጃንጥላቸውን ዘቅዝቀው ነበር።

መ. ድንጋይ የተሸከሙ ዕጩ መምህራን

ከኢስታንቡል በባቡር ወደ አንካራ ሄድን። ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ ሐሳንኦግላን በሚባለው ቦታ አጠገብ አለፍን። ይህ ስም ለኛ ለመምህራን ትርጉም አለው። በ1940 በወጣው ሕግ ቱርክ የገጠር የመምህራን ማሠልጠኛዎችን አቋቋመች፤ ኋላ 21 ደረሱ፤ ከነሱ አንዱ እዚህ ነበር። አምስተኛ ክፍል የጨረሱ የገበሬ ልጆች ተመርጠው አምስት ዓመት ይማራሉ። ግማሹ ጊዜ ለቀለም ትምህርት፣ ግማሹ ለእርሻና ለእጅ ሥራ ነው። ድንጋይ ተሸክመው የሚማሩበትን ቤት የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። ማንዶሊን ይማሩ፣ የዓለም ታላላቅ መጻሕፍትንም በትርጉም ያነቡ ነበር። ሲመረቁ ወደ ገጠር ይመለሳሉ። ከ17,000 የማያንሱ መምህራን ከወጡ በኋላ ተቃዋሚ በዛባቸውና በ1954 ተዘጉ።

ሠ. ከሚታወቀው ወደማይታወቀው

ከአንካራ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐቱሻ የኬጢያውያን ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ የቀሩት የግንብ መሠረቶችና የአንበሳ ምስል ያለበት በር ናቸው። ከ1906 ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ ግን እጅግ ብዙ የሸክላ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ከነዚህም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት ከግብፁ ዳግማዊ ራምሴስ ጋር የተደረገው የሰላም ውል ይገኛል።

ቋንቋውን ማንም አያውቀውም ነበር። በ1915 ህሮዝኒ የሚባል የቼክ ሊቅ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ተነሣ። አስቀድሞ የሚታወቅ የ«ዳቦ» ምልክት አየ። ዳቦ ካለ መብላት አለ አለ። ቀጥሎ «ዋታር» የሚል ቃል አገኘ፤ ጀርመኖች ውሃን «ቫሰር» ከሚሉት ጋር ተቀራረበለት። ከዳቦና ከውሃ ተነሥቶ የቋንቋው ዝምድና ከብዙዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ጋር መሆኑን ደረሰበት። በማስተማር ዘዴ ክፍል «ከሚታወቀው ወደማይታወቀው» እየተባልን የምንማረው ይኸው አይደለም?

ረ. የሌሉት ሰዎች

በመጨረሻ ቀጰዶቅያ ደረስን። የጎሬሜ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ስለሆኑ ላሊበላን እናስታውሳለን ብለን ነበር። ልዩነት ግን አለ። ቤተ ጊዮርጊስ ከአለቱ ተለይቶ ብቻውን ቆሟል፤ የጎሬሜዎቹ ውስጣቸው እንጂ ውጫቸው አልተጠረበም።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። በመንደሮቹ ውስጥ በራቸው ላይ የግሪክ ፊደል የተቀረጸባቸው ቤቶች አሉ። በዚያ አካባቢ ቱርክኛ ተናጋሪ የሆኑ፣ ቱርክኛቸውንም በግሪክ ፊደል የሚጽፉ ክርስቲያኖች ይኖሩ ነበር። በ1923 ቱርክና ግሪክ ሕዝብ ሲለዋወጡ መለያው ቋንቋ ሳይሆን ሃይማኖት ሆነ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኦርቶዶክሶች ወደ ግሪክ፣ ከ350,000 በላይ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ ሄዱ። የቀጰዶቅያ ሰዎች ቋንቋውን በማያውቁት አገር «አገራችሁ ገባችሁ» ተባሉ።

ወደ ቀይሰሪ ስናልፍ የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን አየን። «ሰዎቹስ የት ሄዱ?» ብለን ጠየቅን። እማማ ዝም አሉ። ከ1915 ጀምሮ አርመኖች በኦቶማን መንግሥት ትእዛዝ ከየቤታቸው ተነቅለው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩት አልቀዋል። ብዙ የታሪክ ሊቃውንት የዘር ማጥፋት ይሉታል፤ የቱርክ መንግሥት ይህን ስም አይቀበልም። መምህራችን ያን ጊዜ ስለ «አርባ ልጆች» ተናገሩ። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው አርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከዚህ እልቂት የተረፉ ነበሩ። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው፣ የተወለደው እዚሁ ቱርክ ውስጥ በአይንታብ ነው።

እማማ የድምፅ ማጉያውን አስቀምጠው ከመካከላችን ተቀመጡ። «ስሠለጥን ይህ ክፍል አልተሰጠኝም። ቢሰጠኝም ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል» አሉ። እኛም አልፈረድንባቸውም። እኛስ በየአገራችን የምናልፈው ስንት ምንጭ፣ ስንት ደጃፍ አለ?

ሰ. ማጠቃለያ

ከዚህ ጉብኝት ለሥራችን አራት ነገር ይዘን ተመልሰናል።

1. ተማሪ መጀመሪያ ይይ፤ መምህሩ በኋላ ይናገር።
2. በየቦታው «ከዚህ በፊት ምን ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ።
3. «እዚህ የነበሩ፣ ዛሬ የሌሉ እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ አይዘለል።
4. መሪው የማያውቀውን «አላውቅም» ይበል። እማማ «አልችልም» ባይሉን ኖሮ የበሺርን ስም ከመካከላችን ማንም ለማንበብ አይሞክርም ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች፦ ፊደልን መለወጥ ምን ያስገኛል? ምንስ ያስቀራል? በምትመደቡበት ቀበሌ ተማሪዎቻችሁ በየቀኑ አጠገቡ የሚያልፉት፣ ማንም የማያነበው ነገር ምንድን ነው? ፈልጉትና በሚቀጥለው ጊዜ በዚሁ ግድግዳ ላይ ጻፉልን።