ማንም ደጅ የማይቀርበት የክረምት ጉብኝት

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ስለ ክረምት የአንድ ቀን ጉብኝት ነው። በክበባችን ስብሰባ ላይ "ትምህርት ሲዘጋ ተሰባስበን ታሪካዊ ቦታ እንይ" የሚል ሃሳብ ተነስቶ ብዙ ተከራክረናል። ክርክሩ ስላላለቀ ያነበብኩትንና ትልልቅ ሰዎችን የጠየቅኩትን ጽፌ ላቅርብ ብያለሁ።

የአንድ ቀን ጉብኝት ማለት ጠዋት ሄዶ ማታ እቤት መግባት ነው። ስለዚህ ብዙ ልጅ እጁን ያወጣለት ላሊበላ አይሆንም። ላሊበላ እዚሁ ሰሜን ወሎ ውስጥ ነው፤ ግን ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሞ ዳገቱን ወጥቶ በድልብ፣ በጋሸና ዞሮ ነው የሚደረሰው። ማደር ግድ ነው። 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሩጫ አይቶ መመለስ ደሞ "አየሁ" አያስብልም።

ፊታችንን ወደ ደቡብ ብናዞር ይሻላል። ከመርሳ በደሴ መንገድ ስንሄድ ውርጌሳን፣ ውጫሌን አልፈን ሐይቅ ከተማ እንደርሳለን። ከሐይቅ ደሴ የሚቀረው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወልድያ እስከ ደሴ ያለው በሙሉ ተደምሮ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አስፋልት ስለሆነ ክረምት ቢሆንም ጭቃ አይዘንም።

በስብሰባው ላይ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። እውነትም መታየት ያለበት ቦታ ነው። ገዳሙ ድሮ በውሃ የተከበበ ደሴት ላይ ነበር፤ በኋላ መሬቱ ከዳሩ ጋር ስለተገናኘ አሁን በእግር ይኬዳል። በጂኦግራፊ "ባሕረ ገብ መሬት" እያልን የምንሸመድደው እኮ ይሄ ነው! ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የሚባሉ መነኩሴ ከደብረ ዳሞ መጥተው እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። መጻሕፍት በብራና ይጻፉ ነበር፤ ተማሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ይማሩ ነበር። ከተማሩት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አፄ ይኩኖ አምላክም እዚያ ተምረዋል ይባላል። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የተጻፈ የብራና ወንጌል አለ፤ የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቅ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ውስጥ በጣም ጥንታዊ ከሚባሉት ነው፣ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። የገዳሙ አበምኔት ደሞ "ዓቃቤ ሰዓት" የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበር። እኛ ሰፈር አጠገብ ይሄ ሁሉ እያለ ስለ ሩቅ አገር ብቻ ማጥናታችን ይገርመኛል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት አይገባበትም። ይሄ ከጥንት የመጣ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ መከበር አለበት፣ እኛም ሥርዓት ልናስቀይር አይደለም የምንሄደው። ነገር ግን "የክፍል ጉብኝት" ተብሎ ሁላችንም እኩል ብር አዋጥተን ግማሾቻችን በር ላይ ከቀረን የክፍል ጉብኝት አይባልም። በስብሰባው ላይ አንድ ልጅ "ሴቶቹ ሐይቁን እያዩ ይጠብቁና" አለ። ሐይቁን ማየት ደስ ይላል፤ "ይጠብቁ" የሚለው ነው እኔን ያልተመቸኝ።

ሌላም ነገር አለ። ክፍላችን ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዴስክ ነው የምንቀመጠው። አንዳንድ ቤተሰብ ልጁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲገባ አይፈልግም፤ ወደ መስጊድ እንሂድ ቢባልም እምቢ የሚል ወላጅ ይኖራል። ወላጆችን መውቀስ አይቻልም። ግን እነዚያ ልጆች ምክንያቱን ሳይናገሩ "አሞኛል" ብለው ይቀራሉ፤ መምህሩም ያመነ ይመስለዋል።

ስለዚህ የእኔ ሃሳብ ዋናው መድረሻችን ደሴ ያለው አይጠየፍ አዳራሽ ይሁን ነው። ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። "አይጠየፍ" የተባለውም ድሃ ሀብታም ሳይል፣ ማንንም ሳይጠየፍ ሁሉን ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። ስሙ ብቻ ለክርክራችን መልስ ይመስላል። የንጉሥ ሚካኤል ታሪክም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የመጀመሪያ ስማቸው መሐመድ አሊ ነበር፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። በአንድ ሰው ዕድሜ የወሎ ሁለቱ ሃይማኖቶች ታሪክ ይገኛል ማለት ነው። በዚያው የደሴን ሙዚየም ማየት ይቻላል። እሱ ድሮ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ነበር። ሰው የኖረበት ቤት ሙዚየም ሲሆን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ክፍሎቹንና መስኮቶቹንም እያዩ "ማን እዚህ ጋ ተቀምጦ ነበር?" ማለት ይቻላል።

በመንገድ ላይ ውጫሌ መቆም የግድ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ውሉን የተዋዋሉት እዚያ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው። ውሉ 20 አንቀጽ አለው፤ ጠብ ያመጣው 17ኛው ነው። በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመነጋገር ከፈለገች በኢጣሊያ በኩል "ትችላለች" የሚል ነበር፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንድ ግሥ ምክንያት ከሰባት ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ጦርነት ሆነ። የአማርኛ መምህራችን "ግሥ ላይ ተጠንቀቁ" ሲሉ የምትስቁ ልጆች ይሄን አስቡት! እዚያ ስንደርስ አንድ ተማሪ ቆሞ አንቀጹን ከመጽሐፍ ቢያነብልን ጥሩ ይመስለኛል።

ሐይቅም አይቀርብንም። ስንመለስ ሁላችንም ሐይቁ ዳር ወርደን ምሳችንን እንበላለን። ገዳሙን መሳለም የሚፈልጉ ወንዶች ሌላ ቀን ከቤተሰባቸው ጋር ይሂዱ። ለምሳ ቆሎና ዳቦ ብንይዝ ይሻላል፤ የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል፣ መኪና ውስጥም አይፈስም።

ስለ ቀኑ ደሞ፣ ሐምሌ ዝናቡ ይበረታል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ብዙ ክርስቲያን ልጆች ይጾማሉ፣ ቀን ቅዳሴም አለ። ስለዚህ ከነሐሴ 16 በኋላ ያለው ሳምንት ይመቻል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚመጣ ከመርሳ ልክ 12 ሰዓት ጠዋት መነሳት አለብን። ከትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ይዘን ቀድመን ካላሳወቅን በሩ ተዘግቶ ልናገኘው እንችላለን፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ትልልቅ ሰዎች ቀድመው ያጣሩልን።

የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች ደሴ ይርቃቸዋል ከተባለ ሲሪንቃ አለላቸው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። "ግራና አንድ" የተባለው ማሽላ የወጣው ከዚያ ነው፤ ስሙም የእኛው ግራና ነው። ነሐሴ ላይ ማሽላው ለምልሞ ስለሚቆም አቀንጭራ የያዘውንና ያልያዘውን በዓይን ለይቶ ማየት ይቻላል፤ ገበሬ አባት ያለው ልጅ እቤቱ ሄዶ የሚያወራው ያገኛል።

ሃሳብ ያላችሁ እስከ ሰኔ 10 ድረስ በወረቀት ጽፋችሁ በክበቡ ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። በተለይ "አሞኛል" ልትሉ ያሰባችሁ ልጆች ምክንያታችሁን ጻፉልን።