«ትንሽ ብቻ ቅመሺ» ከማለታችን በፊት
የምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች፣ ለዘመድና ለጎረቤትም የሚሆን ማሳሰቢያ

እኛ ዘንድ ልጅ የሚወደደው በማጉረስ ነው። አያት ታጎርሳለች፣ ጎረቤት ታጎርሳለች፣ ለቡና የመጣ እንግዳ ሳይቀር ከቆሎው ዘገን አድርጎ በልጁ መዳፍ ላይ ያኖራል። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ወተት ወይም እንቁላል ለማይስማማው ልጅ አደጋው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በፍቅር እጅ ነው። ስለዚህ ከሐኪም ቤት በፊት ከገበታው እንጀምር።

• ልጁን ከማዕድ አትለዩት። ለብቻው ሰሃን ተሰጥቶት ጥግ ላይ የሚበላ ልጅ በሽተኛ መሆኑን በየቀኑ ሦስት ጊዜ ይነገረዋል ማለት ነው። ይልቅ ትሪውን ለሁሉም የሚሆን አድርጉት። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለ ለውዝ ከቤት ይውጣ፤ ለውዝ በማጣት የተጎዳ ቤተሰብ የለም። ወተትና እንቁላል ግን ለሌሎቹ ልጆች ያስፈልጋሉ፤ ጭልፋውን፣ ድስቱንና መጥበሻውን መለየት ይበቃል። ከምግብ በኋላ እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ሳኒታይዘር ጀርም ቢገድልም በእጅ ላይ የቀረውን የለውዝ ቅሪት አያነሳም።

• «እንቁላሉን አውጥቼለታለሁ» አትበሉ። እንቁላሉ ዶሮ ወጡ ውስጥ ገብቶ ከርሟል፣ በአንድ ትሪ ላይም የሁሉም እጅ ወጥን ከወጥ እያገናኘ ነው። ቅቤም እንደዚሁ ነው፤ ተነጥሮም ቢሆን የወተት ፕሮቲን ሊቀርበት ስለሚችል ሐኪም ካልፈቀደ ወተት ለማይስማማው ልጅ አይሆንም።

• ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ወፍጮው ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ሲሸጋገር አይታጠብም፤ ድንጋዩና መውረጃው ላይ የቀረው ዱቄት የሚወጣው ከቀጣዩ ሰው እህል ጋር ነው። ስንዴ የማይስማማው ሰው ያለበት ቤት ንጹሕ ጤፍ ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ አበጥሮ ከስንዴ በኋላ ካስፈጨው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በማለዳ ወፍጮው እንደተጠረገ የመጀመሪያውን ተራ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚወርደውንም ዱቄት ለይታችሁ ለሌላ ሰው ስጡ። ሽሮ ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ምን ምን እንደገባበት ሻጯን ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የአንዷ ሽሮ ሽምብራ ብቻ ነው፣ የሌላዋ አተርና ባቄላም አለበት።

• ጾምን ተጠቀሙበት፣ ግን አትመኑት። ወተትና እንቁላል ለማይስማማው ልጅ የኦርቶዶክሱ አጽዋማት ትልቅ ዕረፍት ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቤት ገብቶ ከቤተሰቡ ጋር በያይነቱ መብላት ይችላል፣ ለልደቱም የጾም ኬክ ይገኝለታል። ይሁን እንጂ የጾም ኬክ የሚጋገረው በፍስኩ ኬክ ትሪ ሊሆን ይችላል፣ የቅቤውንም ቦታ ብዙ ጊዜ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና ተልባ ይወስዱታል። ሰሊጥ ወይም ለውዝ ለማይስማማው ልጅ ከባዱ ወቅት ታዲያ ጾሙ ነው። ግብጦም አይዘንጋ፦ ለውዝ የማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች በግብጦም ይታመማሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት በማሸጊያ ላይ እንዲጻፉ ካስገደዳቸው 14 የአለርጂ ምግቦች አንዱም እሱ ነው።

• ጁስ ቤት ውስጥ «ለውዝ አታድርግበት» ማለት አይበቃም። አስተናጋጁ «ችግር የለም» ይላል፣ መፍጫውን በውሃ ሿ አድርጎ አቮካዶውን ይጨምርበታል፤ ከደቂቃ በፊት ግን የለውዝ ጁስ ወጥቶበታል። እናንተው ፊት በሳሙና ካልታጠበ ታሽጎ የመጣ መጠጥ እዘዙ።

• ውጭ አገር የምትኖሩ፣ ማሸጊያውን በገዛችሁ ቁጥር አንብቡ። በአሜሪካ ሰሊጥ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግዴታ ይጻፋል። አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች ታዲያ ከማጥራት ይልቅ ሆን ብለው ሰሊጥ መጨመርና መጻፉን መርጠዋል፤ አምና የበላችሁት ዳቦ ዘንድሮ ያው ላይሆን ይችላል። እንጀራም «ጤፍ» ተብሎ ቢሸጥ ስንዴ ወይም ገብስ እንዳለበት ጠይቁ።

• ምግብ ያወከውን ሁሉ አለርጂ ነው አትበሉ። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋው ሰው ብዙ ጊዜ የወተቱን ስኳር መፍጨት አቅቶት ነው፤ ይረብሸዋል እንጂ ትንፋሹን አይዘጋውም። በግምት ብቻ ከልጅ ገበታ ላይ አምስት ዓይነት ምግብ ያነሳ ቤተሰብ ልጁን ያቀጭጨዋል። በደም ወይም በቆዳ ምርመራ «አለ» መባሉም ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪሙ ልጁ በልቶ ከሆነው ነገር ጋር ሊያገናዝበው ይገባል።

• ምች ነው ብላችሁ ሰዓት አትፍጁ። ልጁ በበላ በደቂቃዎች ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከንፈሩና ምላሱ ካበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ ወይም ከዛለ፣ ዳማከሴ ማሸት የዚያን ሰዓት ሥራ አይደለም። «መርዝ ያረክሳል» ተብሎ ወተት አይሰጠው። የማሳከኪያ ክኒን ሽፍታውን ያስታግስ እንደሆነ እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፤ የዚህ መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። በብዕር መልክ የተዘጋጀው ካላችሁ በጭኑ ውጨኛ ጎን መሐል፣ በልብሱ ላይም ቢሆን፣ ውጉት። አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ፤ ተነስቶ ግን አይራመድ። ካልተሻለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ይሰጠው።

ብዕሩ አገር ውስጥ እንደልብ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ በሐኪም ማዘዣ አስመጡ፤ ካለ ደግሞ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ አትተዉት። ብዕሩ ለሌለው ሰው ዝግጅቱ ይህ ነው፦ በደህናው ቀን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና አድሬናሊን ሌሊትም እንዳላቸው አረጋግጡ። በክፉው ቀን የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ ወይም ባገኛችሁት መኪና ሂዱ፤ ደርሳችሁም ካርድ ለማውጣት ሰልፍ አትያዙ፤ «ምግብ በልቶ ትንፋሽ አጥሮታል» ብላችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ተሻለው ብላችሁም ወዲያው አትመለሱ፤ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል።

• ይህን ሁሉ ለሞግዚቷ፣ ለአያትና ለመምህሯ በቃል ብቻ አትንገሩ፤ በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት፣ ብዕሩም ካለ አወጋጉን አሳዩአቸው። ወንድምና እህት ግን ዘበኛ አይሁኑ። ልጁ ራሱ ከሦስትና ከአራት ዓመቱ ጀምሮ «አመሰግናለሁ፣ ያመኛል» ማለትን ይልመድ፤ ትምህርት ቤትም ምሳ ዕቃ አይለዋወጥ። አያት ከተቀየሙ የሚያጎርሱትን አስቀድማችሁ አዘጋጁላቸው፤ ማጉረሱ አይቅርባቸው።

• ለሚቀጥለው ሕፃን ለውዝን በፍርሃት አታዘግዩ። የቀድሞው ምክር «እስከ ሦስት ዓመት ይቆይ» የሚል ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በእንግሊዝና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁድ ልጆችን ሲያወዳድሩ፣ የለውዝ አለርጂ በእንግሊዞቹ ላይ አሥር እጥፍ ያህል በዝቶ አገኙት፤ የእስራኤል ሕፃናት ባምባ የሚባለውን የለውዝ መክሰስ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይበላሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ ለአለርጂ ተጋላጭ የሆኑ 640 ሕፃናትን አጥንቶ ከአራት እስከ አሥራ አንድ ወር ባለው ዕድሜ ለውዝ ማስጀመር አለርጂውን በ80 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ከባድ ችፌ ያለበት ወይም እንቁላል የማይስማማው ሕፃን በሐኪም ምክር ይጀምር። የሚሰጠውም ልሞ የቀጠነ ነው፤ ሙሉ ፍሬ ያንቀዋል።

• ወተትና እንቁላል ያልተስማማቸው ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ ለውዝ ግን የሚተወው ጥቂቱን ነው። በየጊዜው ሐኪም ይየው። ሙከራው ራሱ ክሊኒክ ውስጥ፣ መድኃኒቱ በተዘጋጀበት ይደረግ እንጂ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ አይሞከር።