በንግድ ቤት ፕሮግራም ውስጥ የውጭ አገልግሎት ስፍራ የት ነው?

ሒሳቡን በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚይዝ ነጋዴ፥ በቢቸና ጤፍ የሚጭንም ቢሆን በሞጣ ሱቅ ከፍቶ የሚቸረችር፥ ፕሮግራሙ ከውጭ ድርጅቶች ጋር በኢንተርኔት መነጋገሩ አይቀርም። ክፍያ ለመቀበል ቴሌብርን ወይም ኤም-ፔሳን፥ የምንዛሪ ዋጋ ለማወቅ ባንክን ይጠይቃል። ይህን ንግግር የሚፈጽመው ኮድ የት ሊቀመጥ ይገባል? ነገሩ የባለሙያው ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፍራው ሲበላሽ የሚጠፋው የነጋዴው ገንዘብ ነውና ፕሮግራም የሚያሠራ ሁሉ ሊያውቀው የተገባ ነው።

ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሥርዐት ሞዴል፥ ቪው፥ ኮንትሮለር ይባላል። የአከፋፈሉ መሥራች ትሪግቬ ሬንስካውግ የተባለው የኖርዌይ ሊቅ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ሳለ አሰበው። በእኛ አነጋገር ሞዴል ማለት የሒሳብ መዝገቡ ከነደንቡ ነው፤ ቪው ማለት ደንበኛው የሚያየው ገጽና ደረሰኝ ነው፤ ኮንትሮለር ማለት ትእዛዝ ተቀብሎ ለሚመለከተው ክፍል የሚያስተላልፍ ጸሐፊ ነው።

ከውጭ ድርጅት ጋር መነጋገር ግን ከሦስቱ የአንዱም ሥራ አይደለም። ለዚህ ራሱን የቻለ ወኪል ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎችም ሰርቪስ ይሉታል። አንዳንዱ ባለሙያ ግን ለጊዜው ስለ ቀለለው የቴሌብርን አድራሻና የመልእክት አጻጻፍ በሽያጩ፥ በዱቤ መሰብሰቢያውና በትእዛዝ መቀበያው ኮንትሮለር ሁሉ ይገለብጠዋል። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ድርጅቱ አጻጻፉን የለወጠ ቀን ሦስቱም መታረም አለባቸው፤ አንዱ ቢረሳ ሽያጩ እየሠራ ዱቤው ሳይሰበሰብ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ለውጥ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳ ተጨመረ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህም ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ያወጣሉ። ወኪል ባለበት ፕሮግራም ኮንትሮለሩ «ይህን ሒሳብ አስከፍል» ይላል እንጂ በማን በኩል እንደሚከፈል አይጠይቅም። ወኪሉም የውጭውን ምላሽ ወደ ቤቱ ቋንቋ ተርጉሞ «ተከፍሏል»፥ «አልተከፈለም» ወይም «ገና አልታወቀም» ብሎ ይመልሳል።

ከሦስቱ ቃላት ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚያሻው የመጨረሻው ነው። እንበልና የቢቸናው ነጋዴ ከሞጣው ደንበኛ 20,000 ብር ሲያስከፍል መልሱ ሳይደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ፕሮግራሙ «አልተከፈለም» ብሎ እንደገና ቢያስከፍል ከደንበኛው 40,000 ብር ሊወሰድ ይችላል፤ «ተከፍሏል» ብሎ ቢመዘግብ ደግሞ ገንዘቡ ሳይገባ ጤፉ ሊጫን ነው። ስለዚህ ወኪሉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የማይደገም ቁጥር ይሰጣል፤ መልስ የሚጠብቅበትንም ጊዜ ይወስናል፤ መስመሩ ሲመለስ አስቀድሞ በዚያው ቁጥር የክፍያውን ውጤት ይጠይቃል እንጂ ዳግመኛ አያስከፍልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ለሚያስታውስ፥ ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም።

ሌሎች ሁለት ጥቅሞችም አሉ። አንደኛ፥ ከድርጅቱ የተሰጠው ምስጢራዊ ቁልፍ በየገጹ አይበተንም፤ ከኮዱ ውጭ ባለ የተጠበቀ ስፍራ ተቀምጦ ወኪሉ ብቻ ያነበዋል። ሁለተኛ፥ ፕሮግራሙ ሲፈተን በእውነተኛው ወኪል ፋንታ ለሙከራ የተዘጋጀ ተተኪ ይቆማል፤ በዚህም አንድ ሳንቲም ሳይንቀሳቀስ የመስመር መቋረጥ እንኳ ሳይቀር ይሞከራል።

እንግዲህ ፕሮግራም የምታሠሩ ነጋዴዎች፥ የመጨረሻውን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «የክፍያው ድርጅት አሠራሩን ቢለውጥ ስንት ስፍራ ይታረማል? መልስ ሳይመጣ መስመር ቢቋረጥስ መዝገቡ ምን ይላል?» የፊተኛው መልስ «አንድ ስፍራ»፥ የኋለኛው «ገና አልታወቀም» ከሆነ፥ ሥራው በደንብ ተሠርቷል። አለዚያ ግን ከመረከባችሁ በፊት ይታረም ዘንድ ጠይቁ፤ ገበያ ከተከፈተ በኋላ ማረም ዋጋው የከበደ ነውና።