ከጉሮሮ ቁስል ወደ ልብ ሕመም፦ ልጆቻችንን በጊዜው እንጠብቅ

በቆጋ ዙሪያ አጥቢያዎች ሕፃናት በአንድ ጎጆ ተጠጋግተው ሲያድሩ የጉሮሮ ቁስል የሚያመጣው ባክቴሪያ በቀላሉ ይተላለፍባቸዋል። ሳይታከም ከቀረ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ሊያስከትል፣ ሲደጋገምም የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉት ልጆች ይበልጥ ይጠቃሉ። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከለክልም፤ ሐኪም መርምሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ግን ይከላከለዋል።

ልቡ የተጎዳ ልጅ ጥቂት ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በጀርባው መተኛት ይቸግረዋል፤ እግሩም ያብጣል። ትራሱን ከፍ አድርገን፣ ደግፈን በማስቀመጥ ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እናድርሰው። የታዘዘለት መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት የሚወጋ ነው፤ ልጁ ደኅና ቢመስልም አይቋረጥም። የተበላሸን የልብ በር በቀዶ ሕክምና የሚጠግኑ ማዕከላት በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አንዱ በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ይገኛል። መንገዱ ሩቅ፣ ወረፋውም ረጅም ነው።

ስለዚህ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር እንደሚያዝ ካህናት እንዲያስተምሩልን እናሳስባለን። ሰበካ ጉባኤያትም የታመሙትን ልጆች የመርፌ ቀን መዝግበው ለወላጆቻቸው ያስታውሱ፤ ለመጓጓዣ የሚቸገረውንም ይርዱ።